ተሸናፊ የሚሸለምበት ሜዳ

በየቡና ቤቱ የስፖርት ክርክር በተነሳ ቁጥር የማይቀር አንድ ተከራካሪ አለ። ስለ አውሮፓ እግር ኳስ ሲወራ ፊቱን አኮማትሮ ያዳምጥና «ገንዘብ ያለው ሁልጊዜ የሚያሸንፍበት ይሄ ምን ጨዋታ ነው? ወደ አሜሪካ ተመልከቱ እንጂ!» ይላል። ቀጥሎም ይተነትናል። በአሜሪካ መጨረሻ የወጣ ቡድን በሚቀጥለው ዓመት ከሚመጡት ወጣቶች ምርጡን ቀድሞ ይወስዳል፤ ሀብታሙ ቡድን እንዳሻው እንዳይገዛ የደመወዝ ጣሪያ ተበጅቶለታል፤ የቴሌቪዥኑ ገንዘብ ለሁሉም እኩል ይከፋፈላል፤ ስለዚህ ዘንድሮ ያለቀሰ ለከርሞ ይስቃል። ሰሚውም «እውነት ነው» ይላል። የካፒታሊዝም እናት በምትባለው ሀገር ሶሻሊዝም ስታዲየም ውስጥ ተገኘ ማለት ነው!

እኔ በዚህ አልስማማም። የአሜሪካን ስፖርት ስለምጠላ አይደለም። የነገሩ ክፋት እንዲያውም የምወደው መሆኑ ላይ ነው። የቅርጫት ኳስ ለማየት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ቴሌቪዥን ፊት መቀመጥ ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። የምደግፈውን ቡድን ስም አልጠራም፤ ከጠራሁት ክርክሩ ሁሉ ወደ እርሱ ይዞርና ዋናው ጉዳይ ይቀራል። የምለው ይህን ነው፦ በአሜሪካ ስፖርት እኩልነት የለም አልልም። አለ። ነገር ግን እኩልነቱ የባለቤቶቹ ነው፤ የተጫዋቾቹም የደጋፊዎቹም አይደለም። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ደግነቱ ለማን ነበር?

ድራፍት የሚባለው የወጣት ተጫዋቾች ምርጫ የተጀመረው በ1936 በአሜሪካው ፉትቦል ነው። ሐሳቡን ያመጣው የፊላደልፊያ ኢግልስ ባለቤት የነበረው በርት ቤል ነበር። ሰውዬው ለደካሞች አዝኖ ይሆን? ቡድኑ በ1935 ከ11 ጨዋታ 2 ብቻ አሸንፎ ከሁሉም በታች ተቀምጦ ነበር። በአዲሱ ደንብ መሠረት የመጀመሪያው ዕድል የደረሰውም ለራሱ ለቤል ቡድን ሆነ። ከዚያ በፊት አንድ ጎበዝ ወጣት ከዩኒቨርሲቲ ሲወጣ ከፈለገው ቡድን ጋር ተነጋግሮ የተሻለ ወደ ከፈለው ይሄድ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን መነጋገር የሚችለው ከመረጠው አንድ ቡድን ጋር ብቻ ሆነ። ባለቤቶቹ እርስ በርስ መሻማታቸውን አቆሙ። እንዲህ ያለውን ስምምነት የበርበሬ ወይም የጤፍ ነጋዴዎች ቢያደርጉት «ተመሳጥረው ገበሬውን ዋጋ ሰበሩበት» እንል ነበር። በስፖርት ሲሆን ግን «የውድድር ሚዛን» የሚል የክብር ስም ወጣለት።

በቤዝቦል ደግሞ ከዚህ የባሰ ነበር። ተጫዋቹ ውሉ ቢያልቅም እንኳ ቡድኑ ካልለቀቀው የትም መሄድ አይችልም። በ1969 ከርት ፍለድ የተባለ የሴንት ሉዊስ ተጫዋች ወደ ፊላደልፊያ ተዛውረሃል ሲባል «ዕቃ አይደለሁም» ብሎ እምቢ አለ፤ ጉዳዩን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አደረሰው፤ በ1972 ተፈረደበት። ባለቤቶቹ ያን ጊዜ የሚሉት ነገር ቢኖር ተጫዋች ነጻ ከወጣ ሀብታሞች ሁሉንም ይጠቀልላሉ፣ ሚዛኑም ይፈርሳል የሚል ነበር። በ1975 በግልግል ዳኝነት ውሳኔ ያ ሰንሰለት ተበጠሰ። ታዲያ ሚዛኑ ፈረሰ? ተጫዋቹ በታሰረበት ዘመን ኒውዮርክ ያንኪስ ከ1949 እስከ 1953 አምስት ዓመት በተከታታይ ዋንጫውን ወስዷል። ሰንሰለቱ ከተበጠሰ በኋላ ግን ከ1978 እስከ 1987 በነበሩት አሥር ዓመታት አሥር የተለያዩ ቡድኖች ሻምፒዮን ሆነዋል። ይህን የሚያውቅ ሰው «ለሚዛን ሲባል» የሚል ቃል በሰማ ቁጥር ኪሱን መዳበስ አለበት።

ሆን ብሎ መሸነፍ

አሁን ወደ ቅርጫት ኳሱ እንምጣ። መጨረሻ ለወጣ ሽልማት ከተሰጠ መጨረሻ ለመውጣት የሚሠራ መምጣቱ አይቀርም። ይህን ለመገመት ምሁር መሆን አያሻም። ፊላደልፊያ ሰቨንቲ ሲክሰርስ በ2013 የጀመረው ጉዞ «ሂደቱ» እየተባለ ይጠራል። ደህና ደህና ተጫዋቾቹን ሸጠና ለወደፊት የሚሆን የምርጫ ዕድል ሰበሰበ። በመጀመሪያው ዓመት ከ82 ጨዋታ 19፣ በሁለተኛው 18፣ በሦስተኛው 10 አሸነፈ። ሲደመር በሦስት ዓመት 246 ጨዋታ፣ 47 ድል። በእነዚያ ሦስት ዓመታት ትኬት ቆርጦ የገባው ሠራተኛ፣ ልጁን ይዞ የመጣው አባት፣ የከፈለው ምን ለማየት ነው? የቡድኑ ሹማምንት እንዲያሸንፍ የማይፈልጉትን ቡድን ለማየት! ተጫዋቾቹማ ላባቸውን እያፈሰሱ ነበር፤ የተሸነፈው ገና ቢሮ ውስጥ ነው። ትርፉስ? ቡድኑ ከዚያ ወዲህ እስከ 2025 ድረስ ከሁለተኛው የጥሎ ማለፍ ዙር አላለፈም።

ሊጉ ነገሩን አላየም አይባልም። ከ1985 ጀምሮ ዕጣ አስገብቷል፤ በ2019 ደግሞ የመጨረሻው ቡድን የነበረውን 25 በመቶ ዕድል ቀንሶ ለሦስቱ ግርጌዎች 14 በመቶ፣ 14 በመቶ አድርጎታል። ይህ ግን በሽታውን ትቶ ትኩሳቱን ማብረድ ነው። በ2023 የውድድር ዘመኑ ማብቂያ ላይ ዳላስ ማቭሪክስ ወደ ጥሎ ማለፉ የመግባት ዕድል እያለው ዋና ዋና ተጫዋቾቹን አስቀምጦ ተሸነፈ፤ የምርጫ ዕድሉን ላለማጣት ሲል ነው። ሊጉ 750 ሺህ ዶላር ቀጣው። ለቢሊዮን ዶላር ንብረት ባለቤት ይህ ቅጣት ነው ወይስ የአገልግሎት ክፍያ?

በ2025 የሆነው ግን ለሣቅም ለልቅሶም ይመቻል። ያው ዳላስ በ2024 ለዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ የነበረ ነው። በየካቲት 2025 የዘመኑን ድንቅ ተጫዋች ሉካ ዶንቺችን ለሎስ አንጀለስ ሌከርስ አሳልፎ ሰጠና ደጋፊውን አስለቀሰ። ከጥቂት ወራት በኋላ በዕጣው 1.8 በመቶ ዕድል ብቻ ይዞ የመጀመሪያውን ምርጫ አገኘና ኩፐር ፍላግን ወሰደ። በዚያ ዓመት 17 ጨዋታ ብቻ አሸንፎ ከሁሉም በታች የወጣው ዩታ አምስተኛ ሆነ። ዕጣው ተጭበርብሯል አልልም፤ ለዚያ ማስረጃ የለኝም፤ አያስፈልገኝምም። እኔን የሚያሳስበኝ በሐቅ የወጣ ዕጣ ይህን ያህል የማይረባ ፍርድ መስጠቱ ነው። ለደካማ ተብሎ የተሠራ ደንብ ደካማውን ካልደረሰለት ማንን ነው የሚያገለግለው?

ጣሪያ የሌለው ቤት

ቤዝቦል የደመወዝ ጣሪያ የለውም። ከተወሰነ መጠን በላይ ያወጣ ቡድን «የቅንጦት ታክስ» ይከፍላል እንጂ አይከለከልም። ሎስ አንጀለስ ዶጀርስ በዲሴምበር 2023 ጃፓናዊውን ሾሄይ ኦታኒን በ10 ዓመት 700 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመ። ከዚህ ውስጥ 680 ሚሊዮኑ የሚከፈለው ከ2034 ጀምሮ ነው፤ ኦታኒ እስከዚያ በዓመት የሚወስደው 2 ሚሊዮን ብቻ ነው። ዕዳው ወደፊት ሲገፋ በታክሱ መዝገብ ላይ የሚጻፈውም ሂሳብ ያንሳል። በደንቡ የተፈቀደ ነው፤ ማንም ሌባ አይባልም። ዶጀርስ በ2024 ዋንጫ በላ፤ በ2025 ደግሞ ቶሮንቶን በሰባተኛው ጨዋታ አሸንፎ ደገመው። ከያንኪስ የ1998፣ የ1999 እና የ2000 ድል ወዲህ ዋንጫውን በተከታታይ የወሰደ ቡድን አልነበረም።

የልዩነቱ ሥር ቴሌቪዥን ነው። ዶጀርስ በ2013 ለአካባቢው የቴሌቪዥን ሥርጭት ብቻ የ25 ዓመትና የ8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ውል ተፈራርሟል። የፒትስበርግ ወይም የካንሳስ ሲቲ ቡድን ይህን ያህል ከየት ያመጣል?

እዚህ ላይ ግን አብዛኛው ደጋፊ የሚሳሳት ይመስለኛል። ቁጣውን ሁሉ ዶጀርስ ላይ ያወርደዋል። በበኩሌ ከሚያወጣው ይልቅ የማያወጣውን እከስሳለሁ። ፒትስበርግ ፓይሬትስ ለመጨረሻ ጊዜ ዋንጫ የወሰደው በ1979 ነው፤ ከ1993 እስከ 2012 ለ20 ዓመታት በተከታታይ ከድሉ ሽንፈቱ የበዛ ቡድን ነበር። በቤዝቦል ሀብታሞቹ ከገቢያቸው ለድሆቹ ያካፍላሉ፤ ይሁንና ከዓመት ዓመት የተሰጣቸውን ተቀብለው ለተጫዋች ሳይከፍሉ የሚቀመጡ ባለቤቶች አሉ ተብሎ የተጫዋቾቹ ማኅበር ደጋግሞ አቤት ብሏል። ቅርጫት ኳሱና ፉትቦሉ «ከዚህ በታች ማውጣት አይቻልም» የሚል ወለል አላቸው። ቤዝቦል ጣሪያም ወለልም የለውም።

«ገንዘብ ሁልጊዜ አያሸንፍም፤ ኒውዮርክ ሜትስ በ2023 ከሁሉም በላይ ከፍሎ ከድሉ ሽንፈቱ በዝቶ የለ?» የሚሉኝ ይኖራሉ። ልክ ናቸው። ኦክላንድ አትሌቲክስም በ2002 በትንሽ ገንዘብ 20 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ ዓለምን አስደንቋል። ነገር ግን ሀብታም ሲሳሳት በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ይገዛል። ድሃ አንዴ ከተሳሳተ አምስት ዓመት ይጠብቃል። ብልሁ ድሃ ያሳደጋቸውን ልጆችም ውላቸው ሲያልቅ ይወስዱበታል። ኦክላንድ በ2002 ከእነ ድንቅ ሥራው በመጀመሪያው የጥሎ ማለፍ ዙር ተሰናበተ። ቡድኑ ራሱም ዛሬ ኦክላንድ ውስጥ የለም። ወደዚህ እመለሳለሁ።

የማይከስር ተሸናፊ

ሐቀኛ ልሁንና፣ ፍትሐዊነት ካለ በአሜሪካው ፉትቦል አለ (በእጅ የሚጫወቱትን ማለቴ ነው)። በ1961 ኮሚሽነሩ ፒት ሮዜል ባለቤቶቹ የቴሌቪዥኑን ገቢ እኩል እንዲካፈሉ አሳመነ። የኒውዮርክ ጃያንትስ ባለቤቶች በዚያ ትልቅ ከተማ ብቻቸውን ብዙ ማግኘት ሲችሉ፣ መቶ ሺህ ያህል ሕዝብ ብቻ ካላት ግሪን ቤይ ጋር እኩል ለመካፈል ፈቀዱ። በ1994 የደመወዝ ጣሪያ መጣ። ይህ መልካም ነገር ነው፤ አልክድም። ኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ ከ2002 እስከ 2019 ስድስት ዋንጫ ቢወስድ በብልሃት ነው፤ በብልሃት ያሸነፈ ይመረቅ።

ግን የዚህ እኩልነት ሌላ ፊት አለ። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባትን የዋሽንግተንን ቡድን እንውሰድ። ዳን ስናይደር በ1999 ቡድኑን በ800 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በእርሱ ዘመን በ24 የውድድር ዓመታት ቡድኑ ያሸነፈው የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ሁለት ብቻ ነው። በ2023 ሲሸጠው ስንት አገኘ? 6 ቢሊዮን ከ50 ሚሊዮን ዶላር! ሩብ ምዕተ ዓመት የተሸነፈ ሰው ንብረቱ ከሰባት ዕጥፍ በላይ አደገለት። በየትኛው ሌላ ንግድ ነው ሥራውን ያላወቀ ሰው እንዲህ የሚበለጽገው? ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሊጉ የተዘጋ ነው። ከታች የሚመጣ የለም፤ ከላይ የሚወርድ የለም፤ የቴሌቪዥኑ ድርሻ ይሸነፍም ያሸንፍም ይመጣል። ተጫዋቹ ቢደክም ይባረራል፤ አሰልጣኙ ቢሸነፍ ይባረራል፤ ደጋፊው ያለቅሳል። ሽንፈት የማይደርስበት አንድ ሰው ባለቤቱ ነው።

የተወሰዱ ከተሞች

የተዘጋ ሊግ ሌላም ኃይል ለባለቤቱ ይሰጠዋል። ቡድን የሌላቸው ከተሞች ሁልጊዜ ስላሉ «ስታዲየም ካልሠራችሁልኝ እሄዳለሁ» ማለት ይችላል። በማርች 1984 የባልቲሞር ኮልትስ ንብረት በሌሊት በመኪና ተጭኖ ወደ ኢንዲያናፖሊስ ሄደ፤ ከተማው ሲነጋ ቡድን የለውም። ባልቲሞር ታዲያ ያለቀሰውን ረስቶ በ1996 የክሊቭላንድን ቡድን ወሰደ። ሲያትል 41 ዓመት የደገፈውን ሱፐርሶኒክስን በ2008 ለኦክላሆማ ሲቲ ተነጠቀ፤ ያ ቡድን በ2025 ሻምፒዮን ሲሆን የሲያትል ሰው በቴሌቪዥን ተመለከተ። ኦክላንድ በ2019 የቅርጫት ኳስ፣ በ2020 የፉትቦል፣ በ2024 መጨረሻ የቤዝቦል ቡድኑን አጥቶ ባዶ እጁን ቀረ።

የሞንትሪያሉ ታሪክ ከሁሉም ይከነክነኛል። በ1994 ሞንትሪያል ኤክስፖስ 74 አሸንፎ 40 ተሸንፎ ከቤዝቦል ቡድኖች ሁሉ በላይ ነበር። በባለቤቶቹና በተጫዋቾቹ መካከል በደመወዝ ጣሪያ ምክንያት በተነሳ ጠብ የሥራ ማቆም አድማ ሆነ፤ ውድድሩ ተሰረዘ፤ ዋንጫው ያለ ባለቤት ቀረ። ቡድኑ ኮከቦቹን ሸጦ ተንኮታኮተ፤ በ2005 ወደ ዋሽንግተን ተዛውሮ ናሽናልስ ተባለ፤ በ2019 ዋንጫ ወሰደ። ያን ዋንጫ ዋሽንግተን ላይ ያከበሩ ወዳጆቼን አልወቅስም። ግን በዚያች ምሽት በሞንትሪያል አንድ የ1994 ደጋፊ ምን ተሰምቶት ይሆን?

ለእኛ ምናችን ነው?

«ይህ ሁሉ የአሜሪካኖች ጣጣ ነው፤ እኛ ቅዳሜና እሑድ የምናየው እንግሊዝን ነው» የሚል አንባቢ ይኖራል። ተሳስቷል። ማንቸስተር ዩናይትድን ከ2005 ጀምሮ የግሌዘር ቤተሰብ፣ ሊቨርፑልን ከ2010 ጀምሮ የቦስተን ሬድ ሶክስ ባለቤቶች ይዘውታል። የአርሰናል ባለቤት ስታን ክሮንኬ በ2016 ራምስ የተባለውን የፉትቦል ቡድን ከሴንት ሉዊስ ነቅሎ ሎስ አንጀለስ የወሰደ ሰው ነው፤ ከተማው ከስሶ በ2021 እርሱና ሊጉ 790 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍሉ ተስማምተዋል። በዚያው ዓመት በአፕሪል ወር 12 ክለቦች ከማንም የማይወርዱበት «ሱፐር ሊግ» መሠረትን ሲሉ ከስድስቱ የእንግሊዝ ክለቦች ሦስቱ የእነዚሁ ባለቤቶች ንብረት ነበሩ። ሐሳቡ ከየት እንደ መጣ መጠየቅ ያስፈልጋል? ደጋፊው አደባባይ ወጣ፤ በሦስተኛው ቀን ስድስቱም የእንግሊዝ ክለቦች ሸሹ። በ2025 የእንግሊዝ ፓርላማ ራሱን የቻለ የእግር ኳስ ተቆጣጣሪ የሚያቋቁም ሕግ አወጣ። የአሜሪካ ደጋፊ እንዲህ ያለ ቀን ገና አላየም።

አውሮፓ ገነት ነው እያልኩ አይደለም። ባየርን ሙኒክ ከ2013 እስከ 2023 አሥራ አንድ ዓመት በተከታታይ የጀርመንን ዋንጫ ሲወስድ እኔም አዛጋሁ። ልዩነቱ በሩ ላይ ነው። ሌስተር በ2014 ከታች መጣ፤ በ2016 የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2023 ደግሞ ወረደ። ጨካኝ በር ነው፤ ግን ለሁለቱም ወገን ይከፈታል። በአሜሪካ በሩ የሚከፈተው ገዢ ሲመጣ ብቻ ነው።

ምን ይደረግ?

ነቀፌታ ብቻ እንዳይሆን የምጠይቀውን ልናገር። አንደኛ፣ በመሸነፍ ብዛት የሚገኝ ሽልማት ይቅር፤ ወጣቱ ጣሪያው በሚፈቅደው መጠን ከፈለገው ቡድን ጋር ይዋዋል። ከ1936 በፊት ይደረግ ነበር፤ ሰማይ አልተደፋም። ሁለተኛ፣ ቤዝቦል የየከተማውን የቴሌቪዥን ገንዘብ ፉትቦሉ ከ1961 ጀምሮ እንደሚያደርገው ይካፈል፤ ድርሻውን ወስዶ ለቡድኑ የማያወጣ ባለቤት ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ድርሻውን ይከልከል። ሦስተኛ፣ የቡድኑ ስም፣ ቀለምና ታሪክ የከተማው ይሁን። ይህ ሕልም አይደለም፤ የክሊቭላንድ ሕዝብ በ1996 ታግሎ ስሙን አስቀርቷል፤ በ1999 በዚያው ስም አዲስ ቡድን አግኝቷል። አራተኛ፣ የሕዝብ ገንዘብ የገባበት ስታዲየም ለሕዝብ አክሲዮን ይስጥ። ግሪን ቤይ ፓከርስ ከ1923 ጀምሮ የሕዝብ ንብረት ነው፤ ባለ አክሲዮኖቹ ትርፍ አይወስዱም፤ ቡድኑም ከትንሿ ከተማ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። ሊጉ ታዲያ ይህን አርአያ ምን አደረገው? ሌላ ቡድን እንደዚህ እንዳይሆን በደንብ ከለከለ! ከዚህ የበለጠ ምስክር ከየት አመጣለሁ?

«ጨዋታ ብቻ ነው፤ ለምን ትንጨረጨራለህ?» ለሚሉኝ አንድ ነገር ላስታውስ። ስለ ፍትሕ መጀመሪያ የተማርነው በሰፈር ሜዳ ነው። ሁለት አምበሎች ቆመው በየተራ ይመርጣሉ፤ አንዱ ወገን ከበዛበት ቡድኑ ይበተንና እንደገና ይመደባል። ኳሷ የእርሱ ስለሆነች ብቻ ደንብ ልሥራ የሚል ልጅም አይጠፋም ነበር፤ ኳሱን ይዞ ሊሄድ ሲነሳ በካልሲ ኳስ እንቀጥል ነበር እንጂ አንለምነውም። የአሜሪካ ደጋፊ እስካሁን ያልሞከረው ይህንኑ ነው።